ኮሶ የጠጣ ሰው ቤት

በዚያ ዘመን «ኮሶ ጠጥቻለሁ» ያለ ሰው አይነካም ነበር። ጌታው ለሥራ አይጠራውም፣ ዳኛው ቀጠሮውን ያሻግርለታል፣ ሚስቱ እንኳ ከደጅ ሆና «ሻረልህ ወይ?» ብላ ጠይቃ ትመለሳለች እንጂ አጠገቡ አትደርስም። አገሩ ጥሬ ሥጋ ይወዳል፤ ጥሬ ሥጋ ደግሞ ትል ያመጣል፤ ስለዚህ በየሁለት ወሩ ለሁሉም ተራው ይደርሰዋል። ያን ቀን ሆዱ ሲገለባበጥ፣ ፊቱ ሲገረጣ ሰው እንዲያየው ማን ይፈልጋል? በሩን ዘግቶ ይተኛል። እንግዳ ቢመጣ ያቺ አንዲት ቃል ትበቃዋለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማንኳኳት ነውር ነው።

ድንኳን ሰፊው ወልደ ሐዋርያት ይህችን ቃል አገኛትና ውስጧ ገብቶ ተቀመጠ። እኔ አልፈርድበትም። እናንተም ሳትፈርዱበት ነገሩን ከመነሻው ስሙት።

ከብቱ ሁሉ ያለቀበት ክፉ ቀን ከመግባቱ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ንጉሡ ከተማቸውን እንጦጦ ራስ ላይ ከተከሉ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። ወልደ ሐዋርያትም ሰፈሩን ተከትሎ ከአንኮበር ከሚስቱ ከብዙነሽ ጋር ወጥቶ፣ ከማርያም በስተምሥራቅ፣ ቁልቁል የካን በሚያሳየው ተረተር ላይ ጎጆ ቀልሷል። ዕድሜው ሃምሳ አምስትን አልፏል። ልጅ አልወለዱም። እንጦጦን የሚያውቅ ብርዱን ያውቀዋል፤ ጥዱ ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ ካለቀ ወዲህማ ነፋሱ የሚያግደው ነገር አጥቶ እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል። ብዙነሽን በሁለተኛው ክረምት ሳል ያዛትና በጥቅምት ሞተች።

ለቅሶው ላይ ሰው አልጎደለም፤ ይህን የጎረቤቶቹን ውለታ መካድ አይቻልም። ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው፣ የቤተ መንግሥት በቅሎ የሚጠብቀው አባይነህ ሦስት ቀን ከጎኑ ሳይለይ ተቀመጠ። የአባይነህ ሚስት የሺመቤት ንፍሮውን ቀቀለች፣ ውሃውን ቀዳች፣ ቤቱን ጠረገች። የአርባ ቀን ተዝካሯም በወጉ ወጣ። ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰው ሊጠይቀው ይመጣል። ይቀመጣል። ወልደ ሐዋርያት ብድግ ይልና ጋኑን ያያል፤ ጋኑ ባዶ ነው። ጠላ የሚጠምቅለት የለም፤ ወንድ ልጅ ጠላ ጠምቆ፣ ወጥ ሠርቶ እንግዳ ሲቀበል ማን አየ? ከቤተ መንግሥት በየሳምንቱ የሚሰጠው የድርጎ ዳቦ አለ። ታዲያ ደረቅ ዳቦ ለእንግዳ ፊት ምን ተብሎ ይቀርባል? ብዙነሽ በሕይወት ሳለች ከዚያ ቤት ጉሮሮውን ሳያርስ የወጣ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን አባይነህ ሥራ ውሎ መጣና ፀሐይ እስክትጠልቅ ሲያጫውተው ቆየ። ሲነሣ ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። በቃ፤ ያደረገው ይኸው ነው። ወልደ ሐዋርያት ግን ያቺን የከንፈር መላስ አየና እፍረቱ አንጀቱ ድረስ ዘለቀ። በማግስቱ የሺመቤት በሩን ስታንኳኳ ሳያስበው ከአፉ ወጣ፤

«ኮሶ ጠጥቻለሁ።»

«እግዜር ይማርዎ፣ አያ ወልደ ሐዋርያት» ብላ ተመለሰች።

እንዴት ያለ ቀላል ነገር ነው። አልተቆጣችም፣ አልጠረጠረችም፣ ጋኑንም አላየችም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሌላ እንግዳ ደገመው። ከዚያ ለሌላው። ሰው ደግሞ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ ከደጅ ከተመለሰ በአራተኛው አይመጣም።

ሥራውንም ወደ ቤቱ አስገባው። ድንኳን ሰፊዎች በቤተ መንግሥቱ ግቢ አንድ ዳስ ሥር ክብ ሠርተው፣ ሸራውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ እየተቀላለዱ ነው የሚሰፉት። ሰው ሲቀልድ ወልደ ሐዋርያት መሳቅ ያቅተው ጀመር። ሳይስቅ ቢቀመጥ ደግሞ «ምነው?» ይሉታል። «ዓይኔን አሞኛል፣ ነፋሱ እያስለቀሰኝ ነው፤ ቤቴ ሆኜ ልስፋ» ብሎ አለቃውን ለመነ፤ ተፈቀደለት። ከዚያ ወዲህ ሸራው በአህያ ይመጣለታል፣ ሲያልቅ በአህያ ይሄዳል። ሳምንቱን ሙሉ የሚያነጋግረው ፍጥረት ያ አህያ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከሁሉ የባሰው ግን ምግቡ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከብዙነሽ ጋር ከአንድ ገበታ የጎረሰ እጅ ለብቻው መዘርጋት አልሆንለት አለ። ይቀመጣል፣ ይቆርሳል፣ አንዴ ሁለቴ ያላምጣል፤ ጉሮሮው ላይ ይቆምበታል። የቀረውን ለነገ ብሎ በቅርጫት ከጣሪያው ማገር ላይ ይሰቅለዋል። ነገም እንዲሁ ነው። ሱሪው ከወገቡ አልቆም አለው። እንቅልፉ ጠፋ። ቁጭ ባለበት ልቡ ድው ድው ይላል። እንኳን ሸራ ቆዳ ሲበሳ የኖረ እጅ መርፌ ይዞ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ሰው ያለ ምክንያት ሲከሳ በዚያ ዘመን የሚጠረጠረው አንድ ነገር ነው፤ የኮሶ ትል። ወልደ ሐዋርያትም ይህንኑ ጠረጠረና ሲዋሽበት የኖረውን ኮሶ አሁን የምሩን ይጠጣው ጀመር። ኮሶ የጠጣ ሰው ደግሞ እህል አይቀምስም፣ በሩን ይዘጋል። ስለዚህ ባሰበት። ሲብስበት ደግሞ ጠጣ። ልብ ብላችኋል? ከሰው መራቁ ያመጣበትን በሽታ፣ ከሰው በሚያርቅ መድኃኒት ሊያድነው ነው የሚታገለው። አንድ እንኳ «አያ፣ ተው» የሚለው አልነበረም።

ኮሶውን የሚገዛው ከጂቱ ነው። ጂቱ የየካ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ዲንቄ ከምትባል አንዲት ልጇ ጋር ነው የምትኖረው። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ትናገራለች፤ በሁለቱም የመጣላትን ከመናገር አትመለስም። ከየካ በላይ ካለው ጫካ ቀዩን የኮሶ አበባ ትለቅማለች፣ ታደርቃለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳገቱን ወጥታ እንጦጦ ገበያ ከቅቤዋ ጎን ዘርግታ ትሸጠዋለች።

የግንቦት መጨረሻ ቅዳሜ ወልደ ሐዋርያት መጥቶ፣ እንደ ልማዱ ሰላምታውን አሳጥሮ የጋቢውን ጫፍ ዘረጋላት። ጂቱ ኮሶውን በእፍኟ አነሣች። ፊቱን አየችው። መልሳ ስልቻው ውስጥ ጨመረችው።

«ለእርስዎ አልሸጥም።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ከፋሲካ ወዲህ ይኼ አራተኛዎ ነው። ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። እኔ ነጋዴ ነኝ እንጂ ነፍሰ ገዳይ አይደለሁም።»

«ትሉ አልወጣ ብሎኝ ነው እንጂ ወድጄ ነው? እስኪ እይኝ፤ አጥንቴ ነው የቀረው።»

«እሱንማ እያየሁ ነው። ጥሬ ሥጋ መቼ ነው የበሉት?»

ወልደ ሐዋርያት አሰበ። «በብዙነሽ ተዝካር» አለ።

«እሱ ኅዳር ላይ ነው። አሁን ክረምት ሊገባ ነው።» ጂቱ ስልቻውን አፉን አሰረችው። «እኔ ኮሶ ስሸጥ ሃያ ዓመቴ ነው። አንድ ቀን ግን በምላሴ ነክቼው አላውቅም። ለምን? ጥሬ ሥጋ አልወድማ። ጥሬ ያልበላ ሰው ከየት አምጥቶ ትል ይኖረዋል? የኅዳሩ ትል ቢኖር እንኳ በመጀመሪያው ወጥቷል። የቀረውን የጠጣው ትሉ አይደለም፤ እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚበላኝ?»

ጂቱ ቅቤዋ ላይ የተነሣውን ቅጠል አስተካከለች።

«ገበታ ላይ ከማን ጋር ነው የሚቀርቡት?» አለችው።

«ምን?»

«ማታ ሲበሉ፤ ከማን ጋር ነው የሚበሉት?»

ወልደ ሐዋርያት ፊቱ ጋለ። ቤቱ ገብታ ቅርጫቱን አውርዳ ያየችበት መሰለው። «ኮሶ ልገዛ ነው የመጣሁት እንጂ ልናዘዝ አይደለም» ብሎ ጀርባውን ሰጣት።

«ሌላው ኮሶ ሻጭ፣ ፉፋ ዘንድ እሄዳለሁ ብለውም እንዳይደክሙ» አለችው ከኋላው። «እግሩን ታሞ ገበያ ከተወ ሦስት ሳምንቱ ነው። እዚህ ተራራ ላይ ኮሶ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም አልሰጥዎትም።»

ተናዶ ዳገቱን ወጣ። ሦስት ቦታ ተቀምጦ ማረፍ ነበረበት፤ ድሮ ሸራ ተሸክሞ ይወጣው የነበረ መንገድ ነው። ከቤቱ ሲደርስ የሺመቤት ሕፃን ልጇን ታቅፋ አጥሩ ሥር ቆማለች። ልጅቷ ሰማንያ ቀን ሞልቷታል። ወልደ ሐዋርያት አንድ ቀን እንኳ አላያትም።

«እንኳን መጡልኝ» አለች የሺመቤት። «ነገ ክርስትናዋ ነው። አደራ፣ ከእኛ ጋር ይዋሉ። ቀርተው እንዳያስቀይሙኝ።»

መሄድ ፈለገ። ይህን እወቁለት፤ ፈልጓል። ሕፃኗ ጣቷን ከጨርቁ አውጥታ ስታንቀሳቅስ ሲያይ ልቡ ተላወሰ። ግን ክርስትና ቤት ባዶ እጅ ይኬዳል? ብዙነሽ ብትኖር አንድ ገምቦ ጠላ አስይዛ፣ ነጠላዋን ለብሳ ከፊት ትቀድመው ነበር። ደግሞም ያ ሁሉ እንግዳ የከሳ ፊቱን ሊያይ ነው፤ «ምን ሆኖ ነው?» ሊል ነው። አፉ የለመደውን ተናገረ።

«ነገ ኮሶ እጠጣለሁ።»

የሺመቤት ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ሁልጊዜ ኮሶ» አለች ቀስ ብላ፤ ገባች። «እግዜር ይማርዎ» አላለችም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማዶ እልልታው ቀለጠ። ወልደ ሐዋርያት በሩን ቀርቅሮ መደቡ ላይ ተጋድሟል። የሰው ድምፅ፣ የሳህን ድምፅ፣ የወጥ ሽታ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ ይመጣበታል። ጆሮውን በጋቢው ሸፈነ፤ መልሶ ገለጠው። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም። ጥማት ሲያቃጥለው ዋንጫውን ይዞ ወደ ውሃ ገምቦው ልሂድ ብሎ ተነሣ። ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ቤቱ ዞረበት። ሲወድቅ ሊደገፍ የቅርጫቱን ገመድ ያዘ፤ ቅርጫቱም ከነገመዱ በላዩ ላይ መጣ። ጭኑ ከመደቡ ጠርዝ ጋር ተላተመና ዓይኑ ጨለመ።

ሲነቃ መነሣት አልቻለም። ለመጣራት አፉን ከፈተ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። በክርኑ እየተሳበ በር ድረስ ደረሰ። መቀርቀሪያው ከራሱ በላይ ነው፤ ያን ቀን ግን ሰማይ ላይ የተሰቀለ ያህል ራቀው። አጠገቡ የወደቀውን ዋንጫ አነሣና በሩን ከሥር መታው። አረፈ። ደግሞ መታው።

«አባይነህ፣ ጎረቤትህ እያንኳኳ ነው» አለ ከአጥሩ ማዶ አንድ እንግዳ።

«ተወው» አለ አባይነህ። «ኮሶ ጠጥቶ ነው።»

«ውይ፣ ሲይዝማ መሬት ያስደበድባል» አለ እንግዳው። «እኔ ባለፈው ስጠጣ ምሰሶ አቅፌ ነው የዋልኩት።»

ሰዎቹ ሳቁ። ክፋት የለበትም ሳቃቸው፤ ሁሉም ጠጥቶ የሚያውቀው ነገር ነው። ወልደ ሐዋርያት ጉንጩን አፈሩ ላይ አድርጎ ሰማቸው። «አልጠጣሁም» ማለት ፈለገ። ይህችን አንዲት ቃል ለማለት ያለውን ሁሉ በሰጠ ነበር። ግን ስድስት ወር ሙሉ በገዛ አፉ ያስተማራቸው ሌላ ነው፤ እነሱም በደንብ ተምረዋል። ነገ ያንኳኩ ይሆናል። ከነገ ወዲያ በሩን ይሰብሩታል። «ኮሶው ገደለው» ይሉና የሺመቤት ንፍሮ ትቀቅላለች።

መሞት አልፈለገም። ይህ እሱን ራሱን ገረመው። ብዙነሽ ካለፈች ወዲህ ቢሞት ግድ የማይሰጠው መስሎት ነበር የኖረው። አሁን ግን ከአጥሩ ማዶ ሰው ሲስቅ እየሰማ፣ ያቺን ሕፃን በወጉ ሳያያት፣ አባይነህን አንድ ዋንጫ ጠላ ሳይጋብዘው መሞት አልፈለገም። እንባው በአፍንጫው በኩል ወርዶ አፈሩ ላይ ጠብ አለ። ዋንጫውን አነሣና አንዴ መታ። ከዚያ በላይ ክንዱ እምቢ አለው።

«ማን ነው ኮሶ የጠጣው?» አለ የሴት ድምፅ።

ያን ድምፅ ያውቀዋል። ጂቱ ናት። ለካ ለክርስትናው ቅቤ ያመጣችው እሷ ኖራ፣ ጠዋት አድርሳ፣ የሺመቤት «ሳትበይማ አትሄጂም» ብላ አስቀምጣታለች።

«ወልደ ሐዋርያት ነዋ» አላት አባይነህ። «ድንኳን ሰፊው።»

«ከማን ገዝቶ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ከማን ገዝቶ ነው የምልህ። ትናንት እኔ ከልክዬዋለሁ። ፉፋ ተኝቷል። ይህ ሰው ኮሶ የለውም።»

ማዶ አንድ ሰው ሳህን ሲያስቀምጥ ተሰማ። ከዚያ እግር ተንጋጋ፤ አጥሩ ተሰበረ፤ በሩ በትከሻ ተመታ። «ከበሩ ሥር ነው ያለው፣ በቀስታ!» ብላ ጂቱ ስትጮህ ሰማ። መቀርቀሪያው ሁለት ላይ ተሰበረና ብርሃን ገባ።

አባይነህ እንደ ሕፃን አነሣው። ክብደት አልነበረውም፤ አባይነህም ይህን ሲያውቅ ፊቱ ተለዋወጠ። የሺመቤት ከኋላ ገብታ መሬቱን አየች። ከቅርጫቱ የተደፋው ዳቦ ቤቱን ሞልቶታል፤ የወር፣ የሁለት ወር፣ ድንጋይ የሆነ፣ የሻገተ፣ አንዴ ብቻ የተቆረሰ። አንዱን አነሣች።

«ይህን ሁሉ ሳይበሉ?» አለች።

ወልደ ሐዋርያት ዓይኑን አሸሸ።

«እኛ እኮ ንቀውን ነው ስንል ነው የከረምነው» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ልቅሶም አለ። «የቤተ መንግሥት ባለሙያ ነው፣ የበቅሎ ጠባቂ ቤት መግባት ቀፎት ነው አልን። ስወልድ እንኳ ደጄን አልረገጡም። አጥር ለአጥር ሆነን፣ በረሃብ ሊሞቱብን?»

«ምን ላቀርብላችሁ?» አለ። ድምፁ ከዚህ በላይ አልወጣም። «ጋኑ ባዶ ነው። አባይነህ ያን ጊዜ ከንፈሩ ደርቆ ወጣ። እስኪመሽ አጫውቶኝ…»

አባይነህ ግራ ገብቶት ቆመ። ያን ቀን ለማስታወስ ሞከረ።

«የጥድ ቆረጣውን ነገር ያወራን ዕለት?» አለ በመጨረሻ። «ስለ አንኮበር ያወሩልኝ ዕለት? ወሬው ጣፍጦኝ ነው እንጂ የቆየሁት። ጠላ ይኑር አይኑር አላስታውስም።»

ወልደ ሐዋርያት ስድስት ወር የተሸከመውን ነገር ሰውየው አላስታውስም አለው። ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ሊስቅ ቃጣው፤ ከዚያ አልቻለም፤ በአባይነህ ክንድ ላይ እንዳለ አለቀሰ። ማንም ዝም በል አላለውም።

ክርስትናው ቤት ወስደው ከምድጃው አጠገብ አስቀመጡት። የሺመቤት የአራስ አጥሚቷን አሞቀች። ጂቱ እየተቆጣች አጠጣችው፤ «ቀስ ይበሉ፣ ማንም አይቀማዎትም።» ሲበረታ ገበታው ተጠጋለት፤ አምስት እጅ በአንድ ላይ ተዘረጋ። የእሱም እጅ መሐላቸው ገባ። ጉሮሮው ላይ ይቆምብኛል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ አልቆመበትም። ማንም አላየውም፣ ሁሉም እያወራ ነው፤ ሁለተኛውን ጎረሰ። ያን ጊዜ ጂቱ ጠጋ ብላ በጆሮው፣ «ይኸው ትልዎ ወጣ» አለችው።

በአንድ ቀን ዳነ ብዬ አልዋሻችሁም። ጭኑ እስከ ሐምሌ አነከሰው። እፍረቱማ ከጭኑ በላይ ቆየ። የሺመቤት ግን ብልህ ሴት ናት፤ «ይምጡና ይብሉ» ብትለው እንደማይመጣ አወቀችበት። «የድርጎ ዳቦዎን ለእኔ ያምጡልኝ፤ ለልጆቹ አልበቃ ብሎኛል። ወጡ ከእኔ ነው» አለችው። ዳቦውን ይዞ ሲመጣ እንግዳ አይደለም፤ ባለድርሻ ነው። አንድ ቀን ዘግይቶ እንደሆነ አባይነህ ከአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ፣ «ምነው፣ ኮሶ ጠጥተው ነው?» ይለዋል። ሰፈሩ ይስቃል። እሱም ይስቃል።

ስፌቱንም ወደ ደጅ አወጣው። አባይነህ ግቢ ያለች አንዲት ወይራ ከመጥረቢያ ተርፋ ቆማለች፤ እሷ ሥር ሸራውን ዘረጋ። ረጅም ስፌት ጫፉን ወጥሮ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ሆኖ ለወራት በምሰሶ ሲያስር ነበር፤ አሁን የሚያልፍ የሚያገድመውን «እስኪ አንዴ ያዝልኝ» ይላል። ጫፍ የያዘ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ያወራል። በመስከረም ወደ ዳሱ ተመለሰ። እጁ መንቀጥቀጡን መቼ እንደተወ አላስተዋለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይወርድና ከጂቱ ጎን ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ምንም አይገዛም። እሷ ገዢውን ሁሉ «ጥሬ መቼ በላህ?» እያለች ስታፋጥጥ ይሰማል። በኅዳር ልጇን ዲንቄን ሜጫ ድረስ ዳረቻት፤ የአራት ቀን መንገድ ነው። «ጥሩ ቤት ገባች፣ ደስ ብሎኛል» አለችው። ያን ቅዳሜ ይህንኑ አምስት ጊዜ ነው የነገረችው። ቅቤዋንም ሳትሸጥ ይዛው ተመለሰች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጂቱ አልመጣችም። በሌላውም አልመጣችም። ፉፋ እግሩ ድኖ ወጥቷል፤ ወልደ ሐዋርያት ጠየቀው።

«ደኅና ትመስለኛለች» አለ ፉፋ። «በሯ ዝግ ነው። ትናንት ባልፍ ኮሶ ጠጥቻለሁ አለችኝ፤ እኔም ተውኳት።»

ወልደ ሐዋርያት ብድግ አለ። ወደ ቤቱ ወጥቶ ከሳምንቱ ድርጎ ሁለት ዳቦ በጨርቅ ቋጠረ፤ ለየሺመቤት «ዛሬ እንዳትጠብቁኝ» ብሎ ቁልቁለቱን ያዘው። ወደ የካ የሚወርደው መንገድ ጠጠር ነው፤ ታሞ የዳነው ጭኑ በየእርምጃው መውደቁን ያስታውሰዋል። እየሄደ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ብዙነሽ ከሞተች ወዲህ ከሰፈሩ ወጥቶ የሰው በር ሊያንኳኳ የመጀመሪያው ነው።

የጂቱን ጎጆ ጠይቆ አገኘው። ደጁ ሳይጠረግ ሰንብቷል። ግድግዳው ሥር የደረቀ የኮሶ አበባ በስልቻ እንደታሰረ ተቀምጧል። አንኳኳ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«ወልደ ሐዋርያት ነኝ።»

«ኮሶ ጠጥቻለሁ» አለች።

እግሩ በልማዱ ሊመለስ አንድ እርምጃ ዞረ። አገሩ ሁሉ እንደዚያ ነው ያሳደገው፤ እንዲህ ከተባለ በኋላ ደግሞ ማንኳኳት ነውር ነው። ቆመ። ደፉ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ዳቦውን ከጨርቁ ፈታና ጭኑ ላይ አደረገው።

«ጂቱ» አላት በሩን ተደግፎ፣ «ጥሬ ሥጋ መቼ ጀመርሽ?»

ወልደ ሐዋርያትም አልቸኮለም። ከዚያ ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲነሣ ሰማ።